አባቴ የተጠራበት ስብሰባ

የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ሲነከር የሚወጣው ሽታ ዛሬም እግሬን ይይዘዋል። እዚህ ላሊበላ፣ ልጄ ከምትማርበት ትምህርት ቤት አጥር ጎን አንድ ብረት ሠሪ ሱቅ ከፍቶ፣ ጠዋት ልጄን አድርሼ ስመለስ ያ ሽታ ከበሩ ወጥቶ አፍንጫዬን ይመታኛል፣ እኔም ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነብሳለሁ። ልጄ አንድ ቀን «ምንድነው የሚሸተው?» ብትለኝ «እንጃ» አልኳት። አውቀዋለሁ እንጂ። ያደግኩበት ቤት ሽታ ነው።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ በጨዋ አነጋገር ባለ እጅ ይሉታል። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። ከብልባላ ወዲያ ባለችው መንደራችን ገበሬው ሁሉ የሚያርሰው አባቴ በቀጠቀጠው ማረሻ፣ ወጡ የሚሠራው በእናቴ ድስት ነበር፤ ይህን ሁሉ አድርገው ሲያበቁ ቡዳ ይሉን ነበር። ዓይናችሁ ሰው ይበላል፣ ያያችሁት ልጅ ይታመማል ማለታቸው ነው። ሥራቸውን አጥሩ ጋ ቆመው ሰጥተው አጥሩ ጋ ቆመው ይቀበሉ ነበር እንጂ ቤታችን የሚገባ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያንም ስንሄድ ከዳር ነበር የምንቆመው፤ ከዳር ቁሙ ያለን የለም፣ ቦታችንን እኛው እናውቀው ነበር።

ክረምት ለእኛ ቤት የሥራ ጊዜ ነበር። የደነዘ ማረሻ የሚያመጣው ብዙ ስለነበር እኔ ወናፉን እየነፋሁ፣ አባቴ እየቀጠቀጠ፣ ዝናቡም ጣሪያውን እየደበደበ አብረን እንውል ነበር። እኔ ለትምህርት በደረስኩበት ክረምት መጨረሻ ላይ ነው ከደሴ አዲስ መምህር የመጣው። መምህር አንዱዓለም ይባል ነበር፤ ጎረምሳ ነው፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም። ከእሱ በፊት የነበሩት መምህራን ልጁ መጣ ቀረ ጉዳያቸው አልነበረም። እሱ ግን ገና ትምህርቱ ሳይጀመር፣ ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቆ፣ «ልጆቻችሁን አስመዝግቡ። አስመዝግባችሁ ደግሞ እንዳትተኙ፤ መስከረም ሳያልቅ የሁላችሁንም ቤት መጥቼ አያለሁ፣ ከዚያ እናንተም መጥታችሁ ትምህርት ቤታችሁን ታያላችሁ» አለ። ሰዉ ሳቀበት። አባቴ አልሳቀም፤ በነጋታው እጄን ይዞ ወስዶ አስመዘገበኝ። ቤት ስንመለስ እናቴን «ስሙን ይጽፋል» አላት፣ ሌላ ነገር ሳይጨምር መዶሻውን አነሳ።

መስከረም ላይ ጭቃው ጠና ሲል መምህሩ እውነትም ቤት ለቤት መዞር ጀመረ፤ መንገድ የሚያሳየው የቀበሌው ሊቀመንበር ነበር። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ ቤቱን ለቅልቃ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ድፎ ዳቦ ጋግራ ትጠብቅ ነበር፣ ግን አታምንም፤ «አጥሩን አይተው ያልፋሉ» ትል ነበር። የመጡ ዕለት ሊቀመንበሩ አጥሩ ጋ ቆሞ፣ «የባለ እጅ ቤት ነው። ከዚሁ ሆነህ ጥራውና እንሂድ» አለው። መምህሩ የሰማም አልመሰለ፣ ጎንበስ ብሎ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ እዚያው ውጭ ቀረ።

እናቴ ከጓዳ አባቴን በምልክት ጠርታ፣ «ላቅርብ ወይስ ልተወው?» አለችው።

«አቅርቢ እንጂ። እምቢ ካለ እኛ እንበላዋለን።»

እምቢ አላለም። ዳቦውን ቆርሶ ጎረሰ፣ ጠላውን ጨለጠ፣ ከዚያ አባቴን፣ «ዛሬ በየቤቱ ስጠጣ ነው የዋልኩት፤ የእናንተው ከጣለኝ ነገ ልጆቹን የሚያስተምሩልኝ እርስዎ ነዎት» አለው። አባቴ ሳቀ። እሱን እርስዎ ያለ ሰው ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ በመንደራችን ገና ጥርሱን የነቀለ ልጅ ሳይቀር አንተ ነበር የሚለው። መምህሩ የምማረውን ሁሉ አንድ በአንድ ነግሮ፣ ማታ ማታ ምን ብለው እንደሚጠይቁኝ አሳይቶ፣ ሊወጣ ሲል፣ «ጥቅምት ላይ የወላጆች ስብሰባ አለን፤ እርስዎ ካልመጡ አልጀምረውም» አለ። አባቴን ለማረሻ እንጂ ለስብሰባ የጠራው ሰው አልነበረም። መምህሩ ከሄደ በኋላ የተቀመጠበትን መደብ እያየ ለብቻው ፈገግ ይል ነበር፣ እናቴም «አበድክ እንዴ?» ትለው ነበር።

ትምህርት ቤት ደሳለኝ ከሚባል የገበሬ ልጅ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጥ ነበር። ከእኔ ጋር መቀመጡን ቤታቸው ገና አልሰሙም ነበር። የባቄላ እሸት በኪሱ ሙሉ እየያዘ፣ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ባዞረ ቁጥር እየፈለፈለ ይበላ ነበር፣ ለእኔም በአግዳሚው ሥር ያቀብለኝ ነበር። እኔ ትንሽ ነበር የምበላው፣ እሱ ግን ልክ አያውቅም። ጥቅምት በገባ ሰሞን ሆዱን ይዞት ተኛ፣ ትኩሳቱም አልበርድ አለ። አጠገቡ የሚቀመጠው ማነው ተብሎ ሲጠየቅ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ባቄላውን የጠየቀ የለም።

የስብሰባው እሑድ አባቴ እጁን በአመድ ፈትጎ ፈትጎ፣ ጥቁሩ አልለቅ ሲለው በታጠበው ጋቢው ሸፍኖት፣ እኔን አስከትሎ ሄደ። ወላጆቹ ትምህርት ቤቱ ደጅ ካለው ወይራ ሥር ተሰብስበው ነበር፤ እኛ ስንቀመጥ አጠገባችን የነበሩት ተነሥተው ራቅ ብለው ተቀመጡ። መምህሩ ደስ ብሎታል። ልጅን ትምህርት ቤት ብቻውን እንደማያሳድገው፣ ዓመቱ ሳይገፋ መነጋገር እንደሚሻል አስረድቶ፣ «በሆዳችሁ ያለውን ተናገሩ፣ አትፍሩኝ» አለ።

የደሳለኝ እናት ተነሣች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ነበር።

«ተናገሩ ስላሉን ነው የምናገረው መምህር። ልጄ ሊሞትብኝ ነው። ከዚያ ልጅ ጋር አስቀምጠውት ዓይኑን ጥሎበታል። መጥቶ አንዴ እንትፍ ይበልልኝ፤ ሌላ ምንም አልልም።»

በአገራችን ቡዳ በላው የተባለ ሰው የሚድነው የበላው ቡዳ ሲተፋበት ነው ይባላል። መምህሩ ደንግጦ፣ «ሕፃን ነው እኮ እሜቴ! ልጅዎን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት» አለ።

ሊቀመንበሩ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «አንተ ልጅ፣ አገሩን አታውቀውም። ወላጅ ይናገር አልክ፣ ወላጅ ተናገረ። ልጁ እንትፍ ይበልና አርፎ ይማር፣ ማንም አይነካውም። አይሆንም ካላችሁ እኛም ልጆቻችንን እናስቀራለን፣ ከወይራው ጋር ትማማራለህ» አለው። ሰዉ ሳቀ።

መምህሩ ወደ አባቴ መጥቶ ጎንበስ አለና፣ «ጋሼ፣ ምራቅ ነው። ምን ይጎዳችኋል?» አለው።

አባቴ ሁሉም እየሰማው፣ «እርስዎ ቤቴ ገብተው፣ ዳቦዬን በልተው፣ ጠላዬን ጠጥተዋል። ያመመዎት ነገር አለ? ይህንኑ ይንገሩልኝና እንሂድ» አለ።

ወይራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ወደ መምህሩ ዞረ። ሊቀመንበሩ፣ «በልተሃል እንዴ?» አለው፣ አጠገቡ የነበረችው ሴትዮም ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። መምህሩ እነሱን አየ፣ አባቴን አየ።

«ቤቱን አይቼ ነው የወጣሁት» አለ።

እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን ምራቄን በአፌ አጠራቅሜ ነበር። መማር ነበር የምፈልገው፤ ተፋ ካሉኝ ተፍቼ ልቀመጥ ነበር። አባቴ አልተቆጣም፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ተነሣ፣ «ልጄ አይተፋም። ከተፋ የምትሉትን ነን ማለት ነው» ብሎ እጄን ያዘ። ምራቄን ዋጥኩት። ቤት እስክንደርስ ቀና ብዬ ፊቱን ለማየት ፈራሁ።

ደሳለኝ ዳነ። ባቄላው ሲደርቅ ነው የዳነው፣ እነሱ ግን ቡዳው ከትምህርት ቤት ስለቀረ ነው አሉ። በጋው እንዲህ ሆኖ ገባ። ልጆቹ ቁጥር ሲቆጥሩ ድምፃቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፣ አባቴም ያን ሲሰማ መዶሻውን ያጠብቀው ነበር። እኔ ወናፉን እየነፋሁ በሆዴ እሰድበው ነበር። ስንት ዓመት ተቀይሜዋለሁ። አንድ ጊዜ ተፍቼ ቢሆን ኖሮ እያልኩ፣ በሰው ደጅ ዘበኛ ሆኜ ሳድር፣ ደመወዜን በጣት አሻራ ስቀበል፣ የምረግመው የመንደሩን ሰው አልነበረም፣ እሱን ነበር።

ማንበብ የተማርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። እዚሁ ላሊበላ ሆቴል እየጠበቅኩ፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ ከልጄ እኩል ሀ ሁ ቆጠርኩ። ከብረት በቀር ያልሠራሁት ሥራ የለም።

አሁን መስከረም ሲጠባ ከልጄ ትምህርት ቤት ይደወልልኛል። ልጅዎ እንዲህ ናት፣ ይህን ያግዟት፣ በዚህ ቀን ስብሰባ አለ ይሉኛል፤ ሁሉም እርስዎ ነው የሚሉኝ። ሄጄ ከመሃል እቀመጣለሁ። ግራና ቀኜ ሰው አለ፣ ትከሻ ለትከሻ ነን። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስለማያውቁ ነው።

ዘንድሮ አያቶችም ይምጡ፣ ለልጆቹ ስለ ሙያቸው ይንገሩ ብለው ጠሩን። ልጄ አያቴን አምጣልኝ ብላ አላስቀምጥ ስትለኝ አገር ቤት ሄድኩ። አባቴ አርጅቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ወናፉም ከተጣለ ቆይቷል። ነገርኩት።

«አልመጣም» አለ።

«ለምን አባባ?»

«የዚህ አገር ሰው እዚያ ሞልቷል። አንዱ ያውቀኝና እሷንም ትፊ ይሏታል።»

«ዛሬ እንዲያ የሚል የለም።»

«እሺ። የማን ልጅ እንደሆንክ ነግረሃቸዋል?»

ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነበስኩ። እሱም አየኝና ሳቅ አለ፣ «እንግዲያው ይቅርብኝ። ትማርበት» አለ።

የስብሰባው ቀን አንድ አያት ስለ ንብ ማነብ ነገሩ፣ አንዲት አሮጊት ጥጥ ፈተሉ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ «የእናንተስ አያት የሉም?» አለችኝ። «ደክመዋል» አልኳት። ልጄ በሩን በሩን ስታይ ቆይታ፣ ማንም እንደማይመጣ ሲገባት ሄዳ ከጓደኞቿ ጋር ተቀመጠች። ያኔ አባቴን ከትምህርት ቤት ለማስቀረት አንድ መንደር ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ዘንድሮ እኔ ብቻዬን በቃሁ።