የክቱ ጃኬት

ከእናቴ ጋር ጃኬት ፍለጋ ወጥቼ ሳልናደድ የተመለስኩበት ቀን የለም። ያን ሰሞን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ መነጫነጭ እጀምር ነበር። ቅዳሜ እኔ ሥራ የማልገባበት፣ እሷም ክላስ የሌላት ቀን ስለሆነ ከምንኖርበት ከዌስተን ሰፈር ባስ ተሳፍረን ከአንዱ ሞል ወደ ሌላው እንዞራለን። የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየቀኑ የሚለበስ፣ የሚያሞቅ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ የላባ ጃኬት። ቶሮንቶ ውስጥ ይህን የማይሸጥ ሱቅ ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። እኛ ግን መግዛት አቃተን።

ነገሩ የፋሽን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በተውኩት። እናቴ ስፖንሰር አድርጌያት በመጣች በመጀመሪያው ዊንተር ሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኝታለች። በአምቡላንስ ነው የወሰድናት። ስትወጣ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ሳንባዋ መጎዳቱን፣ ሁለተኛ እንዲህ ብትታመም እንደማይችለው፣ ቀዝቃዛ አየርም እንደሚብስባት ነገረኝ። እሷ ደግሞ ቤት ተቀመጪ ብትባል የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። በባስ በሚኬድበት ኮሚዩኒቲ ሴንተር የእንግሊዝኛ ክላስ ጀምራለች። ልጅነቷ ታናናሾቿን በማሳደግ ያለቀባት ሴት ናት፤ ትምህርት ቤት የሚባለውን በደንብ ያየችው እዚህ ነው። ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ፊቷ ይበራል። ፌርማታው ላይ ያለው ነፋስ ግን አጥንት ይሰብራል፤ ባሱም ሲፈልግ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቁርጡን ነገርኳት።

"ደህና ጃኬት ካልለበስሽ ክላስ የሚባል ነገር የለም።"

"እሺ፣ ግዢልኛ" አለች። አሳሬን ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው።

እናቴ ስለ ሙቀት የምታውቀውን ሁሉ የተማረችው ከቡልኮና ከጋቢ ነው። ቡልኮ ሲደርቡት ትከሻ ይጫናል፤ ካልተጫነ ቡልኮ አይደለም። ስለዚህ ጃኬት ስትመርጥ ቀለሙንም ስፌቱንም አታይም። ከመስቀያው ታወርደዋለች፤ ገበያ ላይ ዶሮ እንደምትመርጥ ሴት በአንድ እጇ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ፊቷን ታጠቁራለች።

"ምንም የለውም እኮ።"

"እማዬ፣ ላባ ነው። ላባ አይከብድም። ጥሩነቱ እሱ ነው።"

"ባዶ ነገር ነው። ነይ እንሂድ።"

አንድ ጊዜ ብቻ ደስ ያላት ልብስ አገኘች። እርጥብ ምንጣፍ የሚያህል ካፖርት ነው፤ ከመስቀያው ለማውረድ ሁለታችንም መያዝ ነበረብን። "ይሄ ነው ልብስ!" አለች። በቁልፎቹ መሐል ነፋስ እንደሚያስገባ ጣቴን አስገብቼ አሳየኋት። "ታዲያ መርፌ የለም እንዴ ቤት?" አለችኝ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ጫማ መሞከሪያው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

በሌላ ቅዳሜ ደግሞ ሻጯ ሐበሻ ሆና ተገኘች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ፈገግታዋ ደስ የሚል ልጅ ናት። እግዚአብሔር ላከልኝ ብዬ አመሰገንኩ።

"እማማ፣ ይሄ በጣም ዋርም ነው" አለቻት። "ማይነስ ሠርቲ እንኳን ቢሆን፣ ኖ ፕሮብለም።"

"የምን ላባ ነው ልጄ?"

"ዳክ ነው። ዳክ በአማርኛ ምንድነው?" ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ምናለ አላውቅም ብል። "ዳክዬ" አልኩ።

እናቴ እጇን ከጃኬቱ ላይ አነሳች። "ሥጋዋን የማልበላውን ነው ላባዋን የምለብሰው? ያውም በፆም?"

"ብዪው ማን አለሽ! ልበሽው ነው የተባልሽው!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጅቱ ክንዴን ነካ አድርጋ "ኢትስ ኦኬ፣ የኔም ማም እንደዚህ ናት" አለችኝ። አልተጽናናሁም።

በመጨረሻ ብቻዬን ሄጄ ገዛሁት። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ቁርጭምጭሚቷ ሊደርስ ምንም አይቀረው፤ ኮፍያው ፊትን ሁሉ ይሸፍናል። ቤት ይዤ ገብቼ "ስጦታ ነው፤ ልመልስ ብትይም አይቀበሉሽም" አልኳት። የመጨረሻ መላዬ ውሸት ነበር፤ ግን ሠራ። ለበሰችው። ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ግንባሯ በላብ ወረዛ። በረንዳ ላይ አወጣኋት። ነፋሱ ፉጨት ያሰማል፤ እኔ በሹራቤ እንቀጠቀጣለሁ፤ እሷ ቀጥ ብላ ቆማ መንገዱ ላይ የሚያልፈውን መኪና ታያለች።

"ይገርማል" አለች። "ምንም አይሰማኝም።"

ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

እኔ ሥራ የምገባው ገና ሳይነጋ ስለሆነ ጠዋት እሷ ስትወጣ አላያትም። ለባብሳ እንደምትሄድ አልተጠራጠርኩም። ጥምቀት አልፎ ብርዱ በጠናበት ሰሞን አንድ ቀን ሽፍቴ ተቀየረና ቤት ዋልኩ። ቡናዬን ይዤ በመስኮት ቁልቁል ሳይ ፌርማታው ላይ አንዲት ሴት ሳሳ ያለ ኮት ለብሳ፣ በላዩ ነጠላ ተከናንባ፣ እግሯን እያፈራረቀች ትንዘፈዘፋለች። የማን እናት ናት እባካችሁ ብዬ ሳዝን ዞር አለች። የእኔ ናት። ቁልቁል ከመሮጤ በፊት ባሱ መጣና ይዟት ሄደ።

ቁም ሳጥኗን ከፈትኩ። ጃኬቱ በንጹሕ አንሶላ ተሸፍኖ፣ አንገቱ ላይ ያለው ወረቀት እንኳን ሳይበጠስ ተሰቅሏል። ደሜ ፈላ። የክት አድርጋዋለች! የክትማ ከሆነ እሺ፤ እኛ ቤት አዲስ ልብስ የሚመረቀው በበዓል ነው፣ በዚያ ነው ያደግነው። ግን ገና አልፏል፤ ጥምቀትም አልፏል፤ ወረቀቱ ካልተበጠሰ ሁለቱንም ቀን ቤተ ክርስቲያን የሄደችው በዚያው ሳሳ ባለው ኮት ነው ማለት ነው። ታዲያ የምን ክት ነው?

ከሰዓት ተመለሰች። ከመግባቷ በፊት ሳሏ ተሰማኝ፤ ከሊፍቱ እስከ በሩ ድረስ ታስላለች። አፍንጫዋ ቀልቷል። ቦርሳዋን እንኳን እስክታስቀምጥ አልጠበቅኩም።

"ጃኬቱስ?"

"አለ።"

"ለመቼ ነው ያለው?"

"ለሚያስፈልግ ቀን።"

"ዛሬ ማይነስ ሃያ ነው እኮ እማዬ! ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ቀን ልታገኚ ነው? ማን ሲያገባ ነው የምትለብሺው?"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጫማዋን አንድ በአንድ አወለቀች። "ስታመም" አለች።

የሰማሁት ነገር አልገባኝም።

"ስታመም ለብሼው ልሄድ ነው። ሆስፒታል።" ወደ እኔ ሳታይ ቀጠለች። "ያኔ የወሰዱኝ ያንቺን አሮጌ ሹራብ ለብሼ ነው። ካልሲዬ እንኳን አንዱ ሌላ፣ አንዱ ሌላ ነበር። ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየችኝና አንቺን አንድ ነገር ጠየቀችሽ። አልተረጎምሽልኝም። ፊትሽ ግን ሲቀላ አይቻለሁ። ክላስ ከገባሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ቤት ውስጥ የሚያያት ሰው አለ ወይ ነው ያለችሽ።"

"ሁሉንም ነው የሚጠይቁት! ወረፋ የያዘውን ሽማግሌ በሙሉ ይጠይቃሉ! ሥራቸው ነው እማዬ!"

"ይጠይቁ። አንቺን ግን ሁለተኛ አይጠይቁሽም። ያን ጃኬት ለብሼ ስገባ ያዩታል። ልጇ ጥላታለች አይሉም።"

ልስማት ፈለግኩ፤ ግድግዳውንም በጥፊ ልመታው ፈለግኩ። ስሜ እንዳይጠፋ ብላ ነው ስትንዘፈዘፍ የከረመችው። በየቅዳሜው ያዞረችኝ፣ በሕዝብ ፊት ያስጮኸችኝ ጃኬት ሳል ይዟት እስክትወድቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል! እንባዬ መጣ፤ ከንዴቱ ይሁን ከሌላው አሁንም መለየት ያቅተኛል። አስረዳኋት፤ ለመንኳት፤ ማልኩላት። ወይ ፍንክች። "ላንቺ ብዬ ነው" ትላለች፤ ደግሞ ታስላለች።

ብድግ አልኩ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ አንሶላውን ገፈፍኩ፤ ወረቀቱን በጥርሴ በጠስኩ፤ ጃኬቱን ራሴ ለበስኩት። ወጥ ቤት ገባሁ። የጠዋቱ ምስር ወጥ ምድጃው ላይ ነው። ጭልፋውን ሞላሁና እጅጌው ላይ፣ ከክርን እስከ አንጓ፣ አፈሰስኩት።

እናቴ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት በር አስከፍቷል።

"አበድሽ! ልጄ አበደች! አዲሱን ልብስ!" በባዶ እግሯ ሮጣ መጥታ እጅጌዬን ይዛ ወደ ቧንቧው ጎተተችኝ። በሳሙና ፈተገችው፤ በጨው አሸችው፤ በሎሚ ሞከረችው። የበርበሬ ዘይት ከገባበት አይወጣም፤ ይህን እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ብርቱካንማ ሆኖ ቀረ። እጆቿን አንጠልጥላ፣ ውሃው እየተንጠባጠበባት፣ ቀና ብላ አየችኝ።

"እንግዲህ ብታመም ምን ለብሼ ልሄድ ነው?"

"አትታመሚያ!" አልኳት። "አትታመሚ! ሌላ ምን እንድልሽ ነው የምትፈልጊው?"

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አርፍጄ እገባለሁ ብዬ ደወልኩና በሩ አጠገብ ጠበቅኳት። ጃኬቱን እስከ አገጯ ዘግታ፣ ኮፍያውን ደፍታ፣ አኩርፋ ወጣች። ሊፍት ውስጥ ስድቧን ጀመረች። በዓለም ላይ ወጥ በልብስ ላይ የሚደፋ የተረገመ ልጅ እንዳላየች፣ እኔን ስታሳድግ የት ላይ እንደተሳሳተች፣ የክላስ ጓደኞቿ እጅጌዋን አይተው ምን እንደሚሉ እየዘረዘረች፣ እኔ በበረዶው መሐል ተከተልኳት። እስከ ፌርማታው ድረስ ስትሰድበኝ ሄደች፤ አንድ ጊዜም አላሳላትም።