የማኅበር ዳቦ ለወፍ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ስልክ ቁጥር ለመመዝገብ ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ይህን የምጽፈው ከማክሰኞ እስከ እሑድ በአፌ ልናገረው ያቃተኝ ነገር ስለሆነ ነው።

የመጣሁት የእናቴን አጎት ለመጦር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሎ ተማሪ ሲያስተምሩ ስለኖሩ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ዓይናቸው ደክሟል። ሰውን የሚለዩት በድምፅ ነው፤ ወፍንም እንዲሁ። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ወንበር አወጣላቸዋለሁ። ከግቢያችን ጽድ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ፍርፋሪ እበትናለሁ፤ በተሰበረ ገንቦ ቂጥ ውሃ አኖራለሁ። መጀመሪያ ድንቢጦቹ ይወርዳሉ፤ ከዚያ እርግብ የሚመስሉት ዋኔዎቹ። "ያቺ ጎርናናዋ ዛሬ ዘገየች" ይላሉ። እሷ ካልመጣች ቁርስ አይቀምሱም።

ፍርፋሪው የማኅበር ነው። በየወሩ የማርያም ማኅበር በተጠጣ ቁጥር ሴቶቹ የተረፈውን ዳቦ "ለየኔታ" ብለው ያሸክሙኛል። ሁለት ሰው አይጨርሰውም። የማርያም ስም የተጠራበት ዳቦ ደግሞ አይጣልም፤ እግር ከረገጠው ኃጢአት ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ስለዚህ በአገልግል አስቀምጬ በጥቂት በጥቂቱ ለወፎቹ እሰጥ ነበር። በበጋ ይደርቃል እንጂ አይበላሽም። ባለፈው ክረምት ግን ዝናቡ አላባራ አለ፤ ዳቦው አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። እኔ እንደማልበላው አውቃለሁ። ወፍ ምን ትሆናለች ብዬ ሻጋታውን በቢላ ፍቄ፣ ቀሪውን በውሃ አርሼ ድንጋዩ ላይ ዘረገፍኩት። በአንድ ቀን አልጨረሱትም። በማግስቱ በላዩ ላይ ጨመርኩበት። ዳቦውም ኩሱም የዝናቡም ውሃ አንድ ላይ ቦካ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ድንቢጦች ድንጋዩ ሥር ሞተው አገኘሁ። ረቡዕ ሦስት። አንዲት ዋኔ ደግሞ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች፤ ስጠጋት አልበረረችም። የሞቱትን በፌስታል ጠቅልዬ ደበቅሁ።

"ዛሬ ምነው ጭር አለ?" አሉ የኔታ።

"ዝናቡ ይሆናላ።"

"ዝናቡማ ትናንትም ነበር። ምን ደብቀሽኛል?"

"ሞተዋል" አልኩ። ዳቦውን ግን አላነሳሁም።

የኔታ ተነሥተው በዱላቸው መንገድ እየዳበሱ ወደ አጥሩ ሄዱ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ጎመን በቀቀለች ቁጥር ለየኔታ ሳታቀምስ አትውልም። በዚያ ሰሞን ጎተራዋን አይጥ አስቸግሯት መርዝ አስቀምጣ ነበር። ልጆች እንዳይነኩት ብላ ለሰፈሩ ሁሉ የተናገረችው ራሷ ናት።

"አንቺ ሴት! ወፎቼን በመርዝ ፈጀሻቸው?"

"እኔ?" ብላ ወጣች። "የኔታ፣ መርዙ ያለው ጎተራ ውስጥ ነው! እኔ አይጥና ወፍ እለያለሁ፤ ዓይኔ ገና አልደከመም!"

"ድመትሽስ? ስንቷን ድንቢጥ አንቃ በልታለች!"

"እንግዲያው ድመቴን ያመንኩሱልኛ!"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ያን ጊዜ የኔታ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስገዝታለሁ። ወፎቹን የገደለ ሰው እስኪናዘዝ የተገዘተ ይሁን!"

ሳቄ ደረቀ። እሷም "ያስገዝቱ። እሷ እመቤቴ ታውቃለች" ብላ በሯን ዘጋች።

በእኛ ዘንድ ግዝት ቀልድ አይደለም። የተገዘተ ሰው አይቆርብም፤ ጎረቤት እሳት አይሰጠውም። ሐሙስ ቦኖ ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ጎረቤታችን ጀሪካኗን ይዛ ስትመጣ ወሬው ቆመ፤ ሰላምታዋን የመለሰላት የለም። እኔም አልመለስኩም፤ አንገቴን ደፋሁ።

ዓርብ ዋኔዋም ሞተች። እሷን በፌስታል፣ ከዳቦውም ቁራሽ በወረቀት ይዤ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። በሬ ይዘው የተሰለፉት ገበሬዎች "ለወፍም ሐኪም አለ?" ብለው ሳቁብኝ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ዳቦውን አሸተተው።

"ይህን አንቺ ትበይዋለሽ?"

"አልበላውም።"

"እሷስ ለምን ትብላው?"

ወረቀቱን መልሼ ጠቀለልኩ። ቁርጡን ለማወቅ ላቦራቶሪ እንደሚያስፈልግ፣ ነገር ግን ሻጋታና ኩስ የገባበት ምግብ ወፍንም ዶሮንም እንደሚፈጅ ነገረኝ። የታመመችውና ጤነኛዋ አንድ ድንጋይ ላይ ሲበሉ በሽታው ይተላለፋል። ለሁለት ሳምንት ምንም እንዳልሰጣቸው፣ ሌላ ቦታ በልተው ይበተኑ ዘንድ እንድተዋቸው አዘዘኝ። ድንጋዩንና ገንቦውን በፈላ ውሃና በበረኪና እንድፈትግ፣ እጄንም በሳሙና እንድታጠብም አዘዘኝ። ዛሬ የማደርገው እሱ ያለኝን ነው። ንጹሕና ደረቅ እህል አንድ እፍኝ እበትናለሁ፤ ከሰዓት በፊት ካልጨረሱት በማግስቱ እቀንሳለሁ። የተረፈውን ጠርጌ አነሣለሁ፤ ውሃውን በየጠዋቱ እቀይራለሁ። ዳቦ አልሰጥም።

ዓርብ ማታ የኔታን እግራቸውን ሳጥባቸው ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። "ውሃው ሞቀብዎት?" ብዬ ተውኩት። ቅዳሜም እንዲሁ ዋለ።

እሑድ የዱላቸውን ጫፍ ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን መራኋቸው። ቅዳሴው አለቀ። ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰበሰበ። ጎረቤታችን ግንቡ ሥር ብቻዋን ቆማለች፤ በነጠላዋ ፊቷን እስከ ዓይኗ ሸፍናለች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ራቅ ብለዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። የዱላቸውን ጫፍ ሳብ አደረግሁ።

"የኔታ፣ አያስገዝቱ።"

"ለምን? አዘንሽላት?"

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ዳቦው ሻግቶ ነበር። የማኅበር ስለሆነ መጣሉን ፈራሁ።"

ዱላው እጄ ውስጥ ሲከብድ ተሰማኝ። እኔ ጫማቸውን እያየሁ ነበር።

"የሻገተ ይቀበራል እንጂ ነፍስ ላለው ይሰጣል?" አሉ የኔታ። "እኔስ ስሞት ትቀብሩኝ የለም ወይ?"

መቆጣት አለመቆጣታቸውን መለየት አልቻልኩም። "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?"

"ሐኪሙ የነገረኝ ዓርብ ነው። ግን ከማክሰኞ ጀምሮ እጠረጥር ነበር።"

"እንግዲህ ይህን ሁሉ ቀን እሷ ብቻዋን ቆማለቻ።"

ቄሱ ቀረብ ብለው "የኔታ፣ እንጀምር?" አሉ። የኔታ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ።

"የት ጋ ናት?"

"ግንቡ ሥር።"

"ምሪኝ። መጀመሪያ እግሯ ላይ የምወድቀው እኔ ነኝ፤ አንቺ ከእኔ በኋላ ትናገሪያለሽ።"