ግድግዳው የዋጠው ብር

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር የመቶ ብር ኖት ሐሰተኛ እንዳይሆን ማየት ነበር። ዶሮ ሸጠን ከመካነ ሰላም ገበያ መመለሳችን ነው። እሱ ኖቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይይዛል፤ ዓይኑ ስለደከመ የማየው እኔ ነኝ።

«ክሩ አለ?»

«አለ።»

«ደኅና አርገሽ እይ እንጂ!»

«አለ አልኩህ! መዝዤ ላሳይህ?»

በሦስተኛው ቀን አረፈ።

የወረቀት ብር መጠራጠር የጀመረው በአብዮቱ ጊዜ ነው። በድርቁ ሁለቱን በሬዎቻችንን ሸጠን የአንዱን ዋጋ በላነው። የሌላውን፣ ዝናቡ ሲመለስ በሬ እንገዛበታለን ብለን አስቀመጥነው። አስቀማጩ እሱ ነበር። ለሚስት መንገር ለገበያ መንገር ነው ብሎ፣ በቆዳ ጠቅልሎ የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ከተተው። እኔ ምን አውቄ! ለመስቀል ቤቱን በጭቃና በእበት ለቀለቅሁት። እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ የንጉሡ መልክ ያለበት ብር እንደሚለወጥ፣ ቀኑ ካለፈ ወረቀት ሆኖ እንደሚቀር በገበያ ተለፈፈ። ባለቤቴ እየሮጠ መጥቶ ግድግዳው ፊት ተገተረ።

«ምን ፈለግህ?»

«ስንጥቁን።»

«ደፍኜዋለሁ።»

«የቱን?»

«ሁሉንም!»

በዶማ ጀመርን። ሁለት ቀን ሙሉ ስንፍቅ ዋልን። ጎረቤታችን ሼሁ በቆፈርነው ቀዳዳ አንገታቸውን አስገብተው፣ «አላህ ያግራው! አብዮቱ በንጉሡ ላይ መስሎኝ፤ በግድግዳም ላይ ነው እንዴ?» አሉን።

በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ሲደክመው ጀርባውን አስደግፎ ያርፍበት ከነበረው ቦታ ነው የወጣው። የአንዱን ኖት እኩሌታ አይጥ በልታዋለች።

ለማስለወጥ ይዘነው ስንሄድ፣ ብር ለዋጩ ጸሐፊ አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«እበት ነው ጌታዬ» አለ ባለቤቴ።

«ጌታዬ ቀርቷል፤ ጓድ በል።»

«ንጹሕ እበት ነው፣ ጓድ።»

አይጥ የበላችውን መለሰልን፤ ሌላውን ለወጠልን። ጥቂት ጨምረን አንድ ቀንዱ የተሰበረ በሬ ገዛን።

ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ በኖት ላይ ያለ ሥዕል አላመነም። «ሥዕል ይነሣል፤ ንጉሥም ተነሥቷል። ክር ግን ከውስጥ ነው» ይል ነበር። ክር ያለው ኖት በመጣ ጊዜ እንደ ዘመድ ተቀበለው።

አሁን ዕንቁላል ስሸጥ ኖቱን ደጃፍ ላይ ራሴ ይዤ ራሴ አያለሁ።