በአክብሮት የሰረቅኩት ምርጫ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን የገባሁት ተናድጄ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የምርጫ ታዛቢ ነበርኩ፤ ታዛቢነቴ ጣጣ አመጣብኝና አገር ለቀቅኩ። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ አንዲት ካፌ ተቀምጬ ኮሮጆ ስለሚገለብጡ ሰዎች ማውራት ከጀመርኩ ሻዬ ሳይጠጣ ይቀዘቅዝ ነበር። ባለቤቴ "እዚህም ፖለቲካ? ለሃውሲንጉ መቼ ነው አፕላይ የምታደርገው?" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

የመንግሥት ቤት መጠየቂያውን ፎርም በመጨረሻ የሞሉልኝ እማማ ናቸው። እማማ ያልኳቸው እኔ ነኝ እንጂ አበሻ አይደሉም። በወጣትነታቸው ከዛምቢያ ነርስነት ሊማሩ መጥተው፣ እዚሁ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው። ከካፌው ጀርባ ባለው፣ ካውንስሉ ማለትም የአካባቢው መስተዳድር በሚያከራየው ሕንጻ ጊዜያዊ ክፍል ስንይዝ ጎረቤታችን ሆኑ። በየሳምንቱ ካውንስሉ ጋ እየደወሉ፣ እየተቆጡ፣ እዚያው ሕንጻ ላይ ቋሚ ቤት አሰጡን። ልጃችን የተወለደች ቀንም ሆስፒታል ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል። ውለታቸውን በምን እንደምመልስ ሁልጊዜ ግራ ይገባኝ ነበር።

የሕንጻው ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበርም እሳቸው ነበሩ። ማንም ተወዳድሯቸው አያውቅም። አንድ ዓመት ግን ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር የአውቶቡስ ሹፌር እወዳደራለሁ አለች። የሕንጻው አዳራሽ ተቆልፎ ከሚውል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይከፈትላቸው ነው የምትለው። ልክ ነበረች። ድምፅ ማን ይቁጠር ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "በምርጫ ምክንያት የተሰደደ ሰው እያለን?" አለ አንዱ። እንዴት እንደኮራሁ!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የድምፅ ወረቀቶቹን ለሣጥንነት ከተጠቀምንበት የብስኩት ቆርቆሮ አወጣሁና ጥግ ይዤ ለብቻዬ ቆጠርኩ። እማማ በሁለት ድምፅ ተሸንፈዋል። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ቀና ስል የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እኚህን ሴትዮ በሰው ፊት ተሸንፈዋል ልበል? አፌ እምቢ አለ። ቁጥሩን ገለበጥኩና "እማማ በሁለት ድምፅ አሸንፈዋል" አልኩ። ተጨበጨበ፤ ሹፌሯም መጥታ እንኳን ደስ አለዎት አለቻቸው። እኔም ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን በራችን ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ ቆርቆሮውን ታቅፈዋል። የማኅበሩ ወረቀት ሁሉ የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው፤ እኔ ሞኙ ይህን እንኳ አላሰብኩም። ገብተው የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን በሁለት ወገን ደረደሯቸው፤ የሹፌሯ ወገን በሁለት ይበልጣል። ባለቤቴ አየችና ገባት።

"ወይኔ ጉዴ! አንተ ነህ እንዲህ ያደረግከው?" አለችኝ በአማርኛ።

ተሳስቼ ነው ማለት እችል ነበር። ግን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ።

"አክብሬዎት ነው" አልኳቸው። "በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ።"

ይጮሁብኛል ስል ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ልጅ ሳለሁ የነጻነት ታጋዮቹን ወረቀት በደብተር ቦርሳዬ አመላልስ ነበር" አሉ። "እንግሊዞቹ ሲወጡ ለመሪያችን ጨፈርን። አባታችን ነው አልን። አባት እንዴት ይሸነፋል አልን። ሌላ ፓርቲ ሁሉ ሲከለከል እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ፤ ማንም አላስገደደኝም። ሕዝቡ በድምፁ እስኪያወርደው ድረስ ስንት ዓመት ሄደ። ልጄ፣ ያ ሁሉ ዓመት በክፋት ብቻ የባከነ አይምሰልህ። በአክብሮትም ነው።"

ኮሮጆ ገልባጭ ስል የኖርኩት ሁልጊዜ ሌላ ሰውን ነበር፤ ክፉውን። እንደ እኔ ያለ፣ ውለታ የያዘው ሰው አስቤ አላውቅም።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"መጀመሪያ ለእሷ ትነግራታለህ፤ ከዚያ ለሁሉም።"

"እርስዎ ቢነግሩልኝስ?"

"አብሬህ እቆማለሁ። የምትናገረው ግን አንተ ነህ።"

ሊፍቱ ከተበላሸ ስለቆየ በደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። ሹፌሯ ለሥራ ለባብሳ ልትወጣ ስትል ደረስንባት። ነገርኳት። "አንተ?" አለችና በሯን ቆልፋ ደረጃውን ወረደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ያደረግኩትን ሁሉ ተናገርኩ። አንዱ ከኋላ ተሳደበ፣ ሌላው ሳቀብኝ። ከእንግዲህ በዚህ ሕንጻ ማንም ሰላም አይለኝም ብዬ ቆረጥኩ። እማማ ተነሡና የአዳራሹን ቁልፍ ለሹፌሯ ሰጧት። ከፊተኛው ወንበር ወርደው ሰው መሃል ተቀመጡ። ወዲያው እጃቸውን አወጡ።

"ሊቀመንበር፣ ጥያቄ አለኝ" አሉ። "ሊፍቱ መቼ ነው የሚሠራው?"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ሹፌሯም ሳቀች፣ ብዕር አንሥታም ጻፈች። እኔ ባደግኩበት አገር ከወንበር የወረደ ሰው ወይ ይታሰራል፣ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይቀበራል። ተሸንፎ ስለ ሊፍት የሚጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ለማየት ስላበቁኝ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ያን ዕለት ከቆምኩበት ሄጄ አጠገባቸው ስቆም ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።