በአባቴ ደም ውስጥ ያለው ጂን

አባቴ የደም ካንሰር ኪኒኑን ያቆመው ስለዳነ አልነበረም፤ ለምስክርነት ሊቆም ስለሆነ ነው። ሁለት ዓመት በየቀኑ ሲውጥ ቆይቶ የደም ምርመራው ሲስተካከል፣ እሱ በሚኖርበት በአንጋጫ ያሉት የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች «እሁድ ወጥተህ ፈውስህን መስክር» አሉት። አባቴ ደግሞ ውሸት አይሆንለትም። ኪኒን እየዋጠ ተፈወስኩ ማለት አሳፈረውና ኪኒኑን ተወው። ቅዳሜ ከማስተምርበት ከሆሳዕና ከተማ ስመጣ የኪኒኑን ብልቃጥ እንደሞላ አገኘሁት።

«ሞት አማረህ እንዴ?» አልኩት። ንዴቴን መደበቅ አልችልበትም። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ የሰው ልጅ ሁሉ ሲገባው የገዛ አባቴ አልገባው ሲል ያበግነኛል።

«አባባ፣ ካንሰሩን ያመጣብህ ጂን እኔም ጋ አለ፣ ፓስተሩም ጋ አለ። የሚሠራው ፕሮቲን ለደም ሴሎች ‹ተባዙ› የሚል መልእክት ያቀብላል፤ ሲበቃ ዝም ይላል። ያንተ ግን ተቆርጦ ከሌላ ጂን ጋር ተጣብቋል። ዝም የሚያሰኘው ጫፉ የለም። ኪኒኑ አፉን ይይዘዋል እንጂ አይጠግነውም።»

«ሐኪሞቹ ደምህ ንጹሕ ነው ብለውኛል» ብሎ ፊቱን አዞረ።

እጁን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ችግኝ ሊያፈላ የቀበረው የእንሰት ሥር ዙሪያውን በቡቃያ ተጨናንቋል።

«ይሄ አንድ እንሰት አልነበር? ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የፈላው?»

«ልቡን ፈልፍዬ አውጥቼ ነዋ። ልቡ ካለ ሌላውን አያስወጣም፤ አንድ ብቻውን ነው የሚያድገው» አለ፣ ገበሬ ወልዷት ይህን ያላወቀች ልጁ እያሳቀችው።

«ያንተም ጂን ልቡ ወጥቷል።»

ሳቁን ተወ። ቡቃያውን ብዙ አየው። «ልቡ እኮ ከወጣ ተመልሶ አይገባም» አለ።

«አይገባም። በየቀኑ በኪኒን መያዝ ነው።»

እሁድ ምእመኑ ሁሉ ጾም ላይ ነበር። አባቴ ሲጠራ እልልታው ገና ሳይናገር ተጀመረ። እጁን አንስቶ አስቆማቸው።

«እኔ ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት፤ ኪኒኔ ባዶ ሆድ አይወድም» አለና ውሃ ጠየቀ። «በሽታው ታስሯል እንጂ አልወጣም። ጌታ ማሰሪያውን ሰጥቶኛል፤ ጥዬው ነበር፣ አንስቼዋለሁ፤ ዳግም አልጥለውም።» ኪኒኑን ከኪሱ አውጥቶ ሕዝቡ ፊት ዋጠው። እኔ ከኋላ ቆሜ ጉሮሮውን ነበር የማየው።

አሁን በየጠዋቱ ከሆሳዕና እደውላለሁ። «ዋጥክ?» ስለው ይቆጣል።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ቃል የሰጠሁት ለጉባኤው ነው።»