ሽልሻሎ በቤተ ክርስቲያን ጓሮ

ከቆቦ በወጣሁበት ሌሊት እናቴ የአውቶቡሱን መስኮት ይዛ «ሃይማኖትህን ጠብቅ፤ እኔም ስምህን ለቄሱ እሰጣለሁ፣ በጸሎት ይጠሩሃል» አለችኝ። ገና ጎረቤት ከተማችንን ሮቢትን ሳናልፍ አገሬ ናፈቀኝ። የበረሃውንና የባሕሩን ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፣ አንዳንዶቻችሁም አይታችሁታል፤ ስለዚህ አልፌው ጀርመን ልግባ።

ያሳረፉን ሃይም በሚሉት የስደተኞች መኖሪያ ነው። ዳቦው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ፀሐዩ ያበራል እንጂ አይሞቅም። ሰውም ደረጃ ላይ ሲያገኝህ ሰላም ብሎ ያልፋል እንጂ ቆሞ ስለ ቤተሰብህ፣ ስለ ከብትህ፣ ስለ ዝናቡ አይጠይቅም። ሥራ ስላልተፈቀደልኝ መስኮቴ ላይ በቆርቆሮ ነጭ ሽንኩርት ተከልኩ። የቤቱ ኃላፊ አየው።

«ፌርቦተን!» አለ። ክልክል ነው ማለት ነው፤ ከቋንቋው ቀድሞ የገባኝ ቃል ይኸው ነው።

«ሽንኩርት እኮ ነው ጌታዬ።»

«ዛሬ ሽንኩርት፣ ነገ ላም ታመጣለህ።»

«ላሟ ደረጃውን አትችለውም» አልኩት።

ሳይወድ ሳቀ። «አፈር ከፈለግህ ቤተ ክርስቲያን ሂድ። እነሱ የመጣውን ሁሉ ይቀበላሉ።»

ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ የእኛ አይደለም፤ ሲገባ ጫማ እንኳ አይወለቅም። ጓሮው ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ የከተማው ሰውና ስደተኛው ተካፍሎ ያለማዋል። የምትመራው ሄልጋ የምትባል ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ሃይማኖቴን ሳትጠይቅ መቆፈሪያ ሰጠችኝ።

«እኔ እዚህ አልጸልይም እኮ» አልኳት።

«እንግዳ መቀበል የእኛ ጸሎት ነው። አንተ ቆፍር።»

ይህን በስልክ ለእናቴ ነገርኳት። «ሃይማኖትህን ቀየርህ?» አለችኝ።

«አልቀየርኩም እማ። አፈሩን ብቻ ነው የወሰድኩት።»

«እንግዲህ ለቄሱ የማንን ስም ልስጥ?» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስደውል እህቴ ታነሳለች፤ እናቴ ግን ስልኩን አትቀበልም። ስሜ ከዚያ ጸሎት ወጥቶ ይሆን የሚለው ሐሳብ ከብርዱም ከብቸኝነቱም ይልቅ ከበደኝ።

ማሽላ ያገኘሁት የወፍ ምግብ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። እኛ ማማ ላይ ቆመን በወንጭፍ ወፍ ስናባርር አደግን፤ እነዚህ ማሽላ ገዝተው ወፍ ይጠራሉ! ገዝቼ እንደ አገራችን አብዝቼ ዘራሁት፤ ጉልበት ሲደርስም ሸለሸልኩት። የቆላ ሰው ላልሆናችሁ ላስረዳ። ሽልሻሎ ማለት በበቀለ ማሽላ መሃል ማረስ ነው። የተጨናነቀው ይነቀላል፣ አረሙ ይሞታል፣ ትልሙ ውሃ ይይዛል፣ የቀረው ይፋፋል። እኔ በሬ ስለሌለኝ ቅዳሜ ዕለት በመቆፈሪያ ስገለብጠው ዋልኩ።

እሑድ ከሰዓት ብሄድ ሄልጋና ከጸሎት የወጡ ሽማግሌዎች በክት ልብሳቸው ጭቃው ላይ ተንበርክከዋል። የነቀልኩትን ማሽላ አንድ በአንድ መልሰው ተክለው፣ በእንጨት ደግፈው፣ ውሃ እያጠጡት ነው። ሄልጋ ዓይኗ ቀልቷል።

«የመኖሪያ ፈቃድ ከለከሉህ?»

«ኧረ ገና መልስ አልሰጡኝም።»

«ታዲያ ለምን አጠፋኸው?»

«አላጠፋሁትም። አረስኩት።»

አገር ቤት መምህር አልነበርኩ? መሬት ላይ በእንጨት እየሳልኩ ሽልሻሎን አስተማርኳቸው። ከረባቱ ጭቃ የነካ አንድ ሽማግሌ እስክጨርስ ሰማኝና «ስለዚህ እንደገና እንንቀለው?» አለ። እስኪያስለን ሳቅን። ከዚያ ሁላችንም አጎንብሰን ነቀልነው።

ማታ ደወልኩና እህቴን «የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጊው፤ እማ ሳትፈልግም ትስማ» አልኳት። ሁሉንም ተረኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የእናቴን ሳቅ ነው።

«ሽልሻሎውን መልሰው ተከሉት?»

«በክት ልብሳቸው፣ እማ።»

«አዝኖ ነው ብለው?»

«አዎ።»

«የሴትዮዋ የክርስትና ስም ማነው?» አለች።

«የላትም፤ ሄልጋ ብቻ ናት።»

«እንግዲያው ሄልጋ ብዬ እሰጣለሁ። ቄሱ ቢያጉረመርሙም ካንተ ስም ቀጥለው ይጠሩላታል።»

ላመሰግናት ስል ፋታ ሳትሰጠኝ «መቼ ነው ታዲያ የምትመጣው?» አለችኝ።

ማሽላው ገና ጉልበቴ ጋ ነው፤ ሲታጨድ እንነጋገራለን አልኳት።