መድረክ ላይ የወጣችው ልብስ ሰፊ

ሚዛን ተፈሪ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ የተከራየኋት ክፍል ከአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላት ነበር። የትምህርት ቤታችንን ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ናት። በረንዳዋ ላይ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ስታስቅ ትውላለች።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ዝም አለች። እንቅልፍ አጣች፤ ምግብ አልበላ አላት፤ ብቻዋን ማውራት ጀመረች። አንድ ጠዋት ስወጣ አንድ ጥቅል የዩኒፎርም ጨርቅ ጣት በሚያካክል ቁራጭ ከትፋ በረንዳውን ሞልታዋለች።

“ጨርቁ ውስጥ ሆነው ያሙኛል” አለችኝ።

መቀሱን እንድትሰጠኝ ስጠይቃት ሳታንገራግር ሰጠችኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ትታሰር የሚልም ነበር። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ግን በሩ ላይ ቆማ “እህቴን ገመድ አይነካትም!” አለች። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር እኔም አብሬያቸው ጅማ ሄድኩ። በጭቃው መንገድ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ስንጓዝ የእትዬን እጅ በየተራ ይዘን ነበር። ሐኪሙ መርምሯት ሲያበቃ “የሚታከም ሕመም ነው፤ ብቻ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ” አለን።

ሆስፒታል ተኝታ ቆይታ መስቀል ካለፈ በኋላ ስትመለስ ሁሉም “እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ” አላት። ጨርቅ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም። መኪናዋን ዘይት እየቀባች ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ አላስችል ሲለኝ፣ ለቀሚስ ያስቀመጥኩትን ጨርቅ ወስጄ ሰጠኋት።

“እጄ እኮ ይንቀጠቀጣል” አለች። ከመድኃኒቱ የተነሳ ነበር።

“እኔ አልቸኩልም፣ እትዬ።”

ቀሚሱ ጠርዙ ተጣሞ ወጣ። ለብሼው ትምህርት ቤት ሄድኩ። አንዷ ባልደረባዬ ጎንበስ ብላ አየችና “ምነው በቀኝ በኩል አጠረ?” አለችኝ።

“በዚያ በኩል ጭቃው ስለሚብስ ነው” አልኳት።

ይህን ለእትዬ ስነግራት፣ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲያስተካክልላት እጇ ረጋ። ርእሰ መምህሩ የዩኒፎርሙን ሥራ ለሌላ ሰፊ ሊሰጥ እንደሆነ ስትሰማ ቢሮው ድረስ ሄደች። እኔም ተከትያት ገባሁ።

“እንዳይደክምሽ ብለን ነው፣ እትዬ” አላት።

“የኔ ልጅ፣ እንዳይደክመኝ ነው ወይስ መቀስ ስይዝ ፈራኸኝ?”

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። “እውነቱን ልንገርሽ? ፈርቼ ነበር።”

“በል እንግዲህ፣ ልጆቹን መቼ ልለካቸው?”

ሥራዋ ተመለሰላት። በዓመቱ መጨረሻ፣ በወላጆች ቀን፣ የጤና ክበብ ተማሪዎች ከአእምሮ ሕመምና ከመከራ አገግመው የቆሙ ሰዎች ይከበሩልን አሉ። መጀመሪያ የተጠራችው እትዬ ነበረች። ርእሰ መምህሩ “ከደረሰባት ችግር ወጥታ…” ብሎ ማንበብ ሲጀምር ማይኩን ተቀበለችው።

“ችግርማ ሁላችሁም አለባችሁ” አለች። “እኔ አእምሮዬን ነው ያመመኝ። ታከምኩ፣ ተሻለኝ። ዛሬም ኪኒኔን ውጬ ነው የመጣሁት። ገመድ ያላስነካችኝ እህቴ ያቻት! ሽልማቱ የሁለታችን ነው።” ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። “ጉልበታችሁ ላይ የተቀደደው ሱሪ ከዚህ ይታየኛል። ነገ ኑ።”

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። እህቷ እያለቀሰች እልል አለች። ለሽልማት የተዘጋጀውን ጋቢ ለሁለቱ አንድ ላይ ደረብንላቸው።

ሰው ሲበታተን፣ እዚህ የሚማር ልጅዋን ልትጠይቅ ከጌጫ ከተማ የመጣች እናት ቀስ ብላ ወደ እትዬ ጠጋ አለች።

“ሴቷ ልጄ እንዳንቺው ታማ ከቤት ሳትወጣ ሁለት ዓመቷ። ለሰው ተናግሬ አላውቅም” አለቻት።

እትዬ እጇን ያዘቻት። “ሰኞ ይዘሻት ነይ። አብሬያችሁ ጅማ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ሲያዩት ኮስታራ ነው እንጂ ደግ ሰው ነው።”

ሰኞ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ልጅቷ በመስኮቱ በኩል አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። እትዬ አጠገቧ ሆና አንድ ነገር በጆሮዋ ትነግራታለች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ግን ልጅቷ ቀና ብላ ፈገግ ስትል አየሁ።